ቅባትና ጥላሸት

ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ራሱን የዋህ አድርጎ ማቅረብ ይወዳል። እኔ የዋህ አልነበርኩም። የዘጠኝ ዓመት ቀናተኛ ነበርኩ፤ የምቀናውም በገዛ እህቴ ፊት ነበር። ደህና ፊት ቢሆን እንኳ ምን አለበት፤ ብጉር አበላሽቶት በሄደ ፊት ነው የቀናሁት።

ውባየሁ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። አሥራ አራት ሲሞላት ፊቷ ላይ ብጉር ወጣ፤ እሷም እጄን አላሳርፍ ብላ በጥፍሯ እያፈረጠች ሁለት ዓመት ከረመች። ብጉሩ ሲለቃት ጠባሳውን ትቶላት ሄደ። ጉንጮቿ የካፊያ ጠብታ ያረፈበት አመድ መሰሉ፤ አንዱ ጋ ስርጉድ፣ አንዱ ጋ ጥቁር ነጥብ። ከሩቅ ለሚያያት ቆንጆ ናት። ቀረብ ያለ ሰው ግን ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይቸግረዋል። እኔን አይቸግረኝም ነበር፤ ትክ ብዬ አያታለሁ።

ቤታችን ከሞላሌ ገበያ የሁለት ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ነበር። አባቴ ቄስ ገብረ አማኑኤል በደብሩ ያገለግላሉ። ገብስ እናርሳለን፣ በግ እናረባለን፤ እናቴ ሙሉመቤት ደግሞ የበጎቹን ጠጉር አጥባና ፈትላ ባና የሚባለውን የሱፍ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ትሰጣለች። የእጇን ልስላሴ አገር ያውቀዋል። የተሸለተ ጠጉር በሙቅ ውሃ ሲነከር ውሃው ላይ ቢጫ ቅባት ይንሳፈፋል፤ ያን ስትነካ የምትውል ሴት እጇ በዚያ ብርድ እንኳ አይሰነጠቅም።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም ነው። እናቴ በየማለዳው ውባየሁን ወደ ጓዳ ታስገባትና በሩን ትዘጋለች። የጓዳው ግድግዳ ጭቃው የረገፈበት ቦታ ስለነበር፣ እኔ መደቡ ላይ በሆዴ ተኝቼ በዚያ ቀዳዳ አያለሁ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ የገብስ ዱቄት በጥብጣ ፊቷን ታሻታለች። ቀጥሎ የመርሐቤቴ ቆላ ነጋዴዎች ያመጡትን ሎሚ በየጠባሳው ላይ ታንጠባጥባለች፤ ያኔ ውባየሁ የእናቴን ቀሚስ ጭብጥ አድርጋ ትይዛለች። መጨረሻ ላይ ቅባቱ ይመጣል፤ ከጠጉሩ ውሃ ላይ የተገፈፈው ቅባት፣ ማርና የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ። እናቴ በመዳፏ ታሞቀውና የእህቴን አገጭ ቀና አድርጋ፣ በአውራ ጣቷ ከአፍንጫዋ ሥር ወደ ጆሮዋ ቀስ እያለች ትወስደዋለች።

"አይዞሽ" ትላታለች። "ይቺን ብቻ። አለቀልሽ፣ የኔ እናት።"

የኔ እናት። እኔን "አንቺ ልጅ" ነበር የምትለኝ። አንቺ ልጅ ውሃ ቅጂ፣ አንቺ ልጅ ጭራሮ ልቀሚ፣ አንቺ ልጅ ከእግሬ ሥር ጥፊ። ያን አውራ ጣት እያየሁ የእህቴ ፊት የእኔ ቢሆን፣ ብጉሩም ጠባሳውም በእኔ ላይ በወጣ ብዬ ከልቤ ተመኝቻለሁ። አንዴ እንዲያውም ጉንጬን በጥፍሬ ቧጥጬ ለእናቴ አሳየኋት። "የዶሮ ሥራ" ብላኝ አለፈች።

በሩ የሚዘጋው በጾም የቄስ ሚስት እጇን የበግ ቅባት ነክራ እንዳትታይ ነው። እኔ ግን እኔን ለመደበቅ መሰለኝ። ጥሩ ነገር ሁሉ ከእኔ ተደብቆ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ በትንሽ ቱቦ ታሽጎ የሚሸጥ የቆዳ ቅባት ላይ "ከበግ ጠጉር የተገኘ" የሚል አንብቤ ብቻዬን ስቄያለሁ። ብጉር ጠባሳ ጥሎባቸው የሚመጡ ልጆችን ስርጉዱ ሙሉ በሙሉ አይሞላም፣ ጥቁረቱ ግን በጊዜ ይለቃል፣ አትነካኩት፣ ታገሡ እላቸዋለሁ። ሎሚውን ግን ተዉት እላለሁ። እናቴ ከሎሚው በቀር ብዙ አልተሳሳተችም።

አንድ ቀን እናቴ ምድጃው ጋ ስትሆን ጓዳ ገባሁና ቅባቱ ካለበት የቀንድ ዋንጫ በጣቴ ዝቄ ሁለቱንም ጉንጬን ቀባሁ። ጥቁር አዝሙድ እየሸተትኩ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ምን እንደምትል አላውቅም፤ ብቻ አገጬን የምትይዘኝ መስሎኝ ነበር። ያዘችኝም። በሻካራው የማቅ ጫፍ ፊቴን እስኪቀላ ጠረገችው። ከዚያ ጣቷን በድስቱ ሥር አስገብታ በጥላሸቱ አንዴ ቀኝ ጉንጬን፣ አንዴ ግራ ጉንጬን ለቀለቀችው።

"ያንቺ ፊት እንዲህ ይሁን" አለችኝ። "ሂጂ አሁን።"

ጥላሸቱ የዚያን ቀን ብቻ ቢሆን እረሳው ነበር። ከግሼ በኩል ሰው መጣ በተባለ ቁጥር እናቴ እኔን ፈልጋ ጠርታ በጥላሸት ትለቀልቀኛለች። ውባየሁ ሹሩባ ትሠራለች፣ እኔ ራሴን እላጫለሁ። ውባየሁ ነጭ ቀሚስ አላት፣ እኔ ካረጀ ባና የተቆረጠ እለብሳለሁ። በአንድ እጅ አንዷን ታጠራለች፣ በዚያው እጅ ሌላዋን ታጠቁራለች። ልጅ ብሆንም ይህን ለመቁጠር አልቸገረኝም፤ አንድ ቤት ውስጥ የምትወደድና የማትወደድ ልጅ አለች ማለት ነው።

ጥርጣሬዬን ያረጋገጠልኝ በጾሙ እኩሌታ ላይ የሰማሁት ወሬ ነው። አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው እህል እየቀመሱ ነበር። እኔ ግድግዳው ሥር ከጠጉር ክምር ላይ ተኝቻለሁ፤ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸዋል።

"እስከ ዳግም ትንሣኤ ነው የሰጡን" አሉ አባቴ።

"ይጠራል" አለች እናቴ።

"ካልጠራስ?"

"ይጠራል አልኩዎ እኮ።"

"ሙሉመቤት፣ ቃል የወጣው ለቤቱ ነው። ለሞተ ሰው የሰጠሁት ቃል ነው። እሷ ካልሆነች ዓለሚቱ…"

"የዓለሚቱን ስም በዚህ ቤት እንዳያነሱብኝ" አለች እናቴ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሳሕኑን ግን ከፊታቸው አነሳችው። አባቴ ገና በልተው አልጨረሱም ነበር።

ስሜ እንኳ እንዲነሳ አትፈልግም። ጠጉሩን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ድምፄን አፍኜ አለቀስኩ።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ሌላ ልቅሶ ባለቀስኩ። አባቴ በወጣትነታቸው ግሼ ቅኔ ሲማሩ አብሯቸው የተማረ አንድ ወዳጅ ነበራቸው። ወዳጅየው ሊሞት ሲል "ልጄን ከልጅህ" አላቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ። የሟቹ ልጅ ዲያቆን አባይነህ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል አግብቶ በቁርባን መጽናት አለበት፤ ጳጳሱ ደግሞ በሰኔ ክህነት ሊሰጡ ይመጣሉ ተብሏል። የታጨችው ውባየሁ ነበረች። የዲያቆኑ እናት እመት አየለች ግን ባለፈው መስከረም መጥተው ፊቷን አዩና፣ "ልጄ ሕዝብ ፊት የሚቆም ሰው ነው፤ ይህ ፊት ካልጠራ ታናሿን እወስዳለሁ፤ እኔው ቤት ታድጋለች" ብለው ሄዱ።

ታናሿ እኔ ነኝ። እናቴ ያን ሁሉ ሎሚ የጨመቀችው፣ በጾም እጇን ቅባት የነከረችው፣ እኔ በዘጠኝ ዓመቴ በበቅሎ ተጭኜ ግሼ እንዳልሄድ ነው። እሷ ራሷ በስምንት ዓመቷ እንደተዳረች የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ውባየሁም ታውቅ ነበር። "ለዲያቆኑ ብዬ መስሎሻል ያን ሎሚ የቻልኩት?" ብላኛለች በኋላ።

ቅባቱ ሠራ። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ጥቁር ነጥቦቹ ደብዝዘው፣ ስርጉዶቹም የቆዳዋን መልክ ይዘው ነበር። እመት አየለች ዳግም ትንሣኤን አልጠብቅም፣ ኀሙስ እመጣለሁ ብለው ላኩ። ማክሰኞ ዕለት እናቴ ውባየሁን ወደ ደጅ አወጣቻትና ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ሳቀች። በዚያ ጾም ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳመቻት፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግማ፣ የምትስመውን ፊት ልክ አሁን እንደተወለደ ሕፃን ፊት እያገላበጠች።

እኔ ጭራሮ ታቅፌ ቆሜያለሁ። "አንቺ ልጅ፣ ምን ትገተሪያለሽ" አለችኝ።

ጭራሮውን ወርውሬ ጓዳ ገባሁ። ለጾም የተዘጋጀ ሰናፍጭ በትንሽ ማሰሮ ተቀምጦ ነበር። ሰናፍጭ አፍንጫ ሲያቃጥል እንጂ ፊት ሲልጥ አላውቅም፤ ግን እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ እንዲያቃጥላትም ፈልጌያለሁ። ሁለት ጊዜ በእጄ ዘግኜ ከቅባቱ ዋንጫ ጨመርኩና በጣቴ አማሰልኩት። መልኩ አንድ ነው፤ ሁለቱም ቢጫ። ሽታውን ጥቁር አዝሙዱ ሸፈነው። "ሥሪው እንግዲህ" አልኩ ለእናቴ፣ በሌለችበት።

ረቡዕ ማለዳ እናቴ ለኪዳን ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ውባየሁ ብቻዋን ጓዳ ገባች። የመጨረሻዋ ቀን ስለሆነች ይሆናል፣ ቅባቱን ወፈር አድርጋ ተቀባች፤ በቀዳዳው አየኋት። መጀመሪያ ላይ የሎሚው ያህል የሚያልፍ መስሏት ጥርሷን ነክሳ ታገሰች። ሲብስባት ተነስታ ውሃ ፈለገች፣ እንስራውን አጋጨችው፣ ፊቷን ነከረችው። ጮኻ አልነበረም የምታለቅሰው፤ አየር እንዳጣ ሰው ነበር የምትተነፍሰው። ስትወጣ ጉንጮቿ ቀልተው አብጠው፣ አንዳንድ ቦታ ውሃ ቋጥረው ነበር።

እኔ መደቡ ላይ የተኛሁ መሰልኩ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀኝ እጄን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣችና ጣቶቼን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።  ከዚያ ተነስታ በእንዶድ ውሃ ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ጥፍሬን እስከ ሥሩ አጠበችኝ። ነገ እንግዳ ስለሚመጣ መሰለኝ። ሞኝ ናት፣ አልጠረጠረችም አልኩ በልቤ።

እናቴ ስትመጣ ውባየሁ ቀድማ ተናገረች። "እኔ ነኝ፣ እማ። ሎሚውን አበዛሁት።"

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሥራ እንደፈታ ሰው፣ የእህቴን ፊት ብቻ ታያለች። ትጮሃለች፣ ትመታታለች ብዬ ስጠብቅ ምንም አልሆነም። ደስታዬ የጠበቅሁትን ያህል አልሆነልኝም፤ ደስታ መሆኑ ግን አይካድም።

ኀሙስ ዕለት ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ጥላሸት እንደምትቀባኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በማለዳ ከቤት ጠፍቼ ወንዝ ወረድኩ። በዚያ ብርድ ፊቴን፣ አንገቴን፣ እግሬን በአሸዋ ፈትጌ ታጠብኩ። የውባየሁን ነጭ ቀሚስ ደብቄ ወስጄ ነበርና ለበስኩት፤ መሬት ለመሬት ይጎተታል። የእመት አየለች በቅሎ ደጃችን ስትቆም ጠብቄ፣ ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ተከትዬ ገባሁ።

እመት አየለች ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጥተዋል። መደቡ ላይ የተነጠፈላቸው አጎዛ ላይ ተቀምጠው ውባየሁን አስጠሩ። ውባየሁ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፍና ወጣች። እመት አየለች በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። እናቴ ከኋላዋ ቆማለች፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የቃጠሎውን ቁስል በቅባት ስታለሰልስ ስለነበር እጇ ያብለጨልጫል።

"ይህማ ከመስከረሙም ብሷል" አሉ እመት አየለች። ክፉ ድምፅ አልነበረም፤ ገበያ ላይ የፈለጉትን ዕቃ እንዳጡ ሰው ነው የተናገሩት። ነጠላውን መልሰው ሸፈኑላት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ይቺስ?"

"ዓለሚቱ እባላለሁ" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

"ነይ እስቲ፣ ዓለሚቱ።"

ሄድኩ። አገጬን ያዙኝ። እጃቸው ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ይሸታል። ፊቴን በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዞሩና በአውራ ጣታቸው ጉንጬን ከአፍንጫዬ ወደ ጆሮዬ ዳበሱት። እናቴ ውባየሁን እንደምታደርጋት፣ ልክ እንደዚያ።  ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ግቢ ቢሉኝ እገባ ነበር።

"ይህን የመሰለ ፊት ነው የደበቃችሁን?" አሉ። "በሉ፣ ነገሩ አለቀ። ይቺን እወስዳለሁ።"

እናቴን አየኋት። እንድትቀና ነበር ያየኋት። ሌላ ሰው እንዴት እንደሚወደኝ ታይ ብዬ።

"ይልቀቋት፣ እመት አየለች" አለች እናቴ። "ልጅቱ ደህና አይደለችም።"

"ምን ሆና?"

"የሚጥል በሽታ አለባት። ትወድቃለች፤ አረፋ ትደፍቃለች። ጠበል አመላልሰናት አልተዋትም። ደግሞ በመኝታዋ ትሸናለች።"

 የእመት አየለች እጅ ከአገጬ ላይ ተነሳ።

"ውሸት ነው" አልኩ። "እኔ ወድቄ አላውቅም።"

"ስትወድቅ አታውቀውም" አለች እናቴ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእንግዳይቱ።

እመት አየለች ሞኝ አልነበሩም። ወደ አባቴ ዞሩ። "አባቴ፣ እውነት ነው?"

አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። አዎንም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ። መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩት።

"እንግዲያው አንቺው ማይልኝ፣ ሙሉመቤት" አሉ እመት አየለች።

የአባቴ ዳዊት በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እናቴ ሄደች፤ አላመነታችም። ቀኝ እጇን ማኅደሩ ላይ አሳረፈች። "የተናገርኩት ሐሰት ቢሆን የተቀበልኩት ቅዱስ ቁርባን ይፍረድብኝ" አለች። አባቴ ሊነሱ ያሉ መሰሉ፤ ከወገባቸው ቀና ብለው ነበር፤ ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

እንግዶቹ ጠላውን እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። በቅሎዋ ኮረብታውን እስክትሻገር ድረስ ደጅ ቆሜ አየሁ። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። ለእህቴ ፊቷን የምትጠግን እናት፣ እኔን እወስዳለሁ የሚል ሰው ሲገኝ ሸንታም፣ በሽተኛ ብላ ታባርራለች። ያውም በመሐላ።

ዲያቆን አባይነህ ሌላ አግብቶ ቀሰሰ። የእኔ በሽታ ግን አገር አዳረሰ። ልጆች አብረውኝ መጫወት ፈሩ፤ ገና ሳልወድቅ ክብሪት የሚጭሩልኝ ነበሩ። የሚያጨኝ ሲታጣ አባቴ በአሥራ ሁለት ዓመቴ መሐል ሜዳ ዘመድ ቤት አስቀምጠው ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ዘመዶቻችን "ምን ያድርጉ፣ ይህችን ማን ያገባታል" አሉ። ፊደል ቆጥሬ፣ ነርስ ሆኜ፣ ደሞዝተኛ ሆኜ፣ በፈለግሁ ጊዜ የፈለግሁትን አገባሁ። ይህን ሁሉ ያገኘሁት እናቴ ስላልወደደችኝ ነው ብዬ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ።

የውባየሁ ፊት እስከ ክረምት ዳነ። ግራ ጉንጯ ላይ የቃጠሎው ምልክት ቀርቷል። ጌጡ የሚባል የሞላሌ ሸማኔ እናቴ የፈተለችውን ሊወስድ ሲመጣ አይቷት፣ በዓመቱ አገባት። ፊቷን ምን ሆንሽ ብሎ ጠይቋት እንደማያውቅ ትነግረኛለች፤ በዚያም ትንሽ እቀናለሁ።

ከዚያ ኀሙስ ወዲህ ሌላም የተለወጠ ነገር ነበር። እናቴና አባቴ በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ በየበዓሉ አብረው ይቀበሉ ነበር። የዚያን ዓመት ፋሲካ ግን እናቴ አልቀረበችም። ከዚያ በኋላም አልቀረበችም። ሕዝቡ ለመቀበል ሲሰለፍ እሷ ከቅጥሩ ወጥታ ከጥዱ ሥር፣ ጀርባዋን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥታ ትቆማለች። ሰው ሲጠይቃት "ሆዴን ያመኛል" ትላለች። እኔ በእኔ አፍራ መሰለኝ። በሽተኛ ልጅ ይዛ ሰው ፊት መቅረብ ያሳፈራት መሰለኝ። ልሂድ ባልኩ ቁጥር ስንቄን ቋጥራ ታቀብለኛለች፤ እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ እቀበላታለሁ፤ እንደ ጎረቤት።

በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ሞተች። አባቴ ቀድመዋት ነበር። የአርባዋ ተዝካር ዕለት፣ ድግሱ ተበልቶ ካህናቱ ከሄዱ በኋላ፣ እኔና ውባየሁ በትልልቆቹ ድስቶች መሐል ተቀምጠን እናርፋለን። እኔ ሐሜት ጀመርኩ። እናታችን ያን ያህል የቄስ ሚስት ሆና ያለ ቁርባን መሞቷ ይገርመኛል አልኩ። ውባየሁ ተነስታ ገባችና የአባታችንን ዳዊት ይዛ መጣች።

"እይው" አለችኝ።

ማኅደሩ ቆዳ ላይ የአራት ጣትና የመዳፍ ጥቁር ምልክት አለ። ቅባት ቆዳ ሲጠጣው እንደዚያ ነው፤ አይለቅም።

ያኔ ነገረችኝ። ስለ ሟቹ ቃል፣ ስለ እመት አየለች፣ ስለ ጥላሸቱ፣ ሁሉንም። 

"ሰናፍጩንስ?" አልኩ በመጨረሻ። "እኔ እንደሆንኩ…"

"እጅሽን ለምን ያጠብኩሽ መሰለሽ?"

"እማስ?"

"ከማሰሮው የጎደለውን ወዲያው አይታዋለች። 'ለልጅቱ እንዳትነግሪያት፣ ጥፋቱን ተሸክማ አትደግ' አለችኝ።"

 ከዚያ ውባየሁ ቀጠለች። "የዛሬ አሥር ዓመት ለመንኳት። ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ፣ ቀኖናሽን ጨርሺ፣ ቁረቢ አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ንስሐ የሚገባ ሰው ሁለተኛ አላደርገውም ይላል። አየለች ነገ በዚህ በር ብትገባ እኔ እንደገና እምላለሁ። ታዲያ እግዜርን በምን አፌ ልዋሸው?' አለችኝ።"

እዚህ ላይ አለቀስኩ ብል ያምርልኝ ነበር። አለቀስኩም፤ ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝን ግን አውቀዋለሁ፤ ድሮ በግድግዳው ቀዳዳ ሳይ የሚይዘኝ ያው ነገር ነው።

"ላንቺ ነገረችሽ" አልኳት። "አሥር ዓመት ሙሉ አንቺ ታውቂያለሽ። ለእኔ አልነገረችኝም።"

ውባየሁ አየችኝ። አርባ ዓመት አልፎኝም ያቺው የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሆኔን ያየች ይመስለኛል። መሳቅ ጀመረች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። አጠገቧ ካለው ድስት ሥር አውራ ጣቷን አስገብታ ጥላሸት ዛቀች፣ አገጬን ቀና አድርጋ ያዘችና ቀኝ ጉንጬን፣ ቀጥላም ግራ ጉንጬን ለቀለቀችው።

"እንኪ" አለችኝ። "ያንቺ ድርሻ ይኸውልሽ። እኔን እንዲህ ቀብታኝ አታውቅም።"

የቀሩት እንግዶች እያዩኝ ወጡ። አንዲት ሴትዮ ፊቴን ምን እንደነካኝ ጠየቀችኝ። የእናቴ ነው አልኳት። እስኪመሽ አልጠረግኩትም።